የ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ፦ ሰዓት እንዳያልቅብኝ ያደረግኩት

ለመግቢያ ፈተና ስዘጋጅ እንግሊዝኛው ላይ የቸገረኝ ሰዋስው ሳይሆን ሰዓት ነበር። የተለማመድኩባቸው የድሮ ወረቀቶች 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት ይላሉ። ለአንዱ አንድ ደቂቃ ማለት ነው፤ ምንባብ የሚነበበውም ከዚያችው ላይ ተቀንሶ ነው። መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁሌ በግምት አጠቁር ነበር።

መጀመሪያ ሰዋስውን አፈጠንኩት። "ኢፍ" ያለበት ጥያቄ ሲመጣ ሙሉውን በአማርኛ ማሰብ ትቼ ግሱን ብቻ አያለሁ። "ኢፍ ሺ ሃድ ስተዲድ" ካለ "ውድ ሃቭ" ያለበትን ምርጫ እፈልጋለሁ። "ናው" የሚል ቃል ጣል ካደረጉበት ግን ረጋ ማለት ነው፣ ወጥመድ አለ።

ምንባብ ላይ ጥያቄዎቹን አስቀድሜ አነባለሁ። ምርጫዎቹን አይደለም፣ እነሱ ያደናግራሉ። ስምና ዓመተ ምሕረት የሚጠይቁትን ዓይን ቶሎ ያገኛቸዋል። ዋናውን ሐሳብ የሚጠይቀውን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ፤ እስከዚያ ምንባቡን ግማሽ በግማሽ አውቄዋለሁ።

የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን ማስተካከል በጣም የምጠላው ክፍል ነበር። አሁን ነጥብ የምሰበስበው ከዚያ ነው። "ሃውኤቨር" ወይም "ሂ" ብሎ የሚነሳ ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ አይመጣም። በእሱ የሚጀምሩትን ምርጫዎች ወዲያው እሰርዛለሁ።

የቃላት ዝርዝር መሸምደድ? ለእኔ ብዙም አልሠራም።

መልስ የማጠቁረውም በየጥያቄው ሳይሆን ገጽ ስጨርስ ነው፣ ተራ ቁጥሩን እያመሳከርኩ። አሁን ስለማመድ የዘለልኳቸውን የማይበት ደቂቃ ይተርፈኛል።