የጃፓን አመድ ግሌዝ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ግሌዝ እቶን ውስጥ ቀልጦ ሸክላውን የሚሸፍነው የመስታወት ልባስ ነው። የጃፓን ሸክላ ሠሪዎች ለዘመናት የሠሩት ከእንጨት አመድ፣ ከድንጋይ ዱቄትና ከአካባቢያቸው አፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» (የጃፓን መንግሥት ለታላላቅ የእጅ ባለሙያዎች የሚሰጠው ማዕረግ) የተባለው፣ ማሺኮ በምትባል የጃፓን የሸክላ ከተማ ይሠራ የነበረው ሃማዳ ሾጂ የሚታወቀው በጥቂት ግሌዞች ነው። ካኪ የሚባለው ቀይ ቡናማው ግሌዝ በዋናነት የዚያው አካባቢ ድንጋይ ዱቄት ነው። ስለዚህ ሥራ ሲበላሽባችሁ አዲስ ቀመር ፍለጋ አትሩጡ። መጀመሪያ አመዱንና ውፍረቱን እዩ።

ቀመሩ ያው ነው፣ ውጤቱ ግን በየጊዜው ይለያያል

አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ያለው የአመዱ አስተጣጠብ ላይ ነው። አመድ ውስጥ በውሃ የሚሟሙ ጨዎች አሉ። ካልታጠበ ግሌዙ ያለልክ ይቀልጣል፤ ጨዉም ከውሃው ጋር ወደ ሸክላው ይሰርጋል።

አመዱን ባልዲ ውስጥ በውሃ በጥብጡት። የሚንሳፈፈውን ከሰል ግፈፉ፣ በወንፊት አጥልሉት፣ እስኪዘቅጥ ተዉት። ከላይ የሚቀረው ውሃ ወደ ቢጫ ያደላል፤ እንደ ሳሙናም ያሟልጫል። ቆዳ ይበላልና ጓንት አድርጉ። ውሃው ጠርቶ እስኪቀር ድረስ እየደፋችሁ ቀይሩ። ቀናት ይፈጃል፤ አትቸኩሉ። ሲደርቅ የየትኛው ዛፍ አመድ እንደሆነና ስንት ጊዜ እንደታጠበ ዕቃው ላይ ጻፉ። ይቺን የሚንቅ ሰው የወደደውን ቀለም ሁለተኛ አያገኘውም።

የሩዝ ገለፈት አመድ ሌላ ነው። አብዛኛው ሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር) ስለሆነ አያቀልጥም፤ ግሌዙን ነጭና ድፍን ያደርገዋል።

ግሌዙ ፈሶ ከእቶኑ መደርደሪያ ጋር ተጣብቋል

ወይ ወፍሯል፣ ወይ አመዱ በዝቷል፣ ወይ ሙቀቱ አልፏል። ግሌዙ ሲደርቅ በመርፌ ጫር አድርጋችሁ ውፍረቱን እዩ። ለአመድ ግሌዝ 1 ሚሊሜትር ገደማ ይበቃል። ቀመሩ ላይ ትንሽ ነጭ ሸክላ አፈር መጨመር ያጠነክረዋል። የዕቃውን ግርጌ ሁሌም ባዶ ተዉ።

ግሌዙ ተሰብስቦ ሸክላው ባዶ ቀርቷል

አቧራ ወይም የእጅ ቅባት ነው፤ ካልሆነም በጣም ወፍሮ ሲደርቅ ተሰንጥቋል። ሸክላውን ግሌዙ ውስጥ ከመንከራችሁ በፊት በእርጥብ ስፖንጅ ጥረጉ። ጃፓኖች ፉኖሪ ከሚባል የባሕር ተክል የሚወጣ ሙጫ ይጨምሩበታል፤ በደንብ እንዲይዝ። ወፍራም የሚቀባው ሺኖ የተባለ ነጭ የጃፓን ግሌዝ ላይ ግን የመርፌ ቀዳዳና መሰብሰብ ውበቱ ነው፤ እሱን አትንኩት።

አረንጓዴ ሲጠበቅ ሌላ ቀለም ወጣ

ሴላደን (ብረት የሚያቀልመው አረንጓዴ ግሌዝ) ቢጫ ከሆነ እቶኑ ውስጥ ኦክስጅን በዝቷል። ሴላደን ውስጥ ያለው ብረት 1 ወይም 2 በመቶ ነው። ከ950 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ አየሩን ቀንሳችሁ ካልተኮሳችሁ አረንጓዴ አይሆንም። ተራ የኤሌክትሪክ እቶን ይህን አይሰጣችሁም። ኦሪቤ የተባለው የጃፓን አረንጓዴ ግሌዝ ግን ተቃራኒ ነው፦ አረንጓዴው ከመዳብ ስለሚመጣ አየር ይፈልጋል፤ አየር ካጣ ቀይ ይሆናል።

ኦሪቤ ቀለሙ ትክክል ሆኖ ፊቱ ቅባት የነካው መስሎ ከወጣ ቀጭን ሽፋን ይዟል ማለት ነው። የኦሪቤ መገኛ የሆነው የሚኖ አካባቢ ሠሪዎች የበሉጥ ፍሬ ቆብ የተዘፈዘፈበት ውሃ ውስጥ ያቆዩታል። ሽፋኑ ይለቅና አረንጓዴው ጥርት ብሎ ይወጣል። እኔ ይህን ዘዴ በጣም ነው የምወደው።

ጥቃቅን ስንጥቅ

ሲቀዘቅዝ ግሌዙ ከሸክላው ይበልጥ ስለሚኮማተር ነው። ሲሊካ በትንሽ በትንሹ ጨምሩና በቁራጭ ሸክላ ሞክሩ። ሃጊ በተባለችው የጃፓን ከተማ በሚሠሩ የሻይ ጽዋዎች ላይ ሻዩ በስንጥቁ እየገባ ለዓመታት ቀለማቸውን ሲለውጥ ሰው ይወደዋል። ለሾርባ ሳህን ግን አልመክርም፤ ፈሳሽ የሚመጥ ሸክላ ሲሆን ለማጽዳት ያስቸግራል።

ግሌዙ ባልዲው ሥር እንደ ድንጋይ ዘቅጧል

ኒጋሪ ጨምሩ፤ ቶፉን (የአኩሪ አተር አይብ) የሚያረጋው ማግኒዚየም ክሎራይድ ማለት ነው። ጥቂት ጠብታ በውሃ አሟሙና እያማሰላችሁ አፍስሱ። ካበዛችሁት ግሌዙ ይወፍራል፣ ከልክ በላይም ይያዛል።