እንግዳው ከየት ነው? የስፓኒሽን የየአገሩን አነጋገር በጎንደሬ ጆሮ የመለየት መመሪያ

በፋሲል ግቢ በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበል አስጎብኚ ስፓኒሽ የሚናገር ቡድን ሲመጣለት የተማረውን ሰላምታ ለማዥጎድጎድ ይቸኩላል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ አደርግ ነበር። ይሁን እንጂ ቋንቋው በ20 አገሮች የመንግሥት ቋንቋ በመሆኑ ከማድሪድ የመጣችው እናት፣ ከሃቫና የመጣው ሐኪምና ከቦነስ አይረስ የመጣው ተማሪ አንዱን ዐረፍተ ነገር ሦስት አድርገው ይናገሩታል፤ ስለዚህም ከሰላምታው በፊት ግማሽ ደቂቃ ማዳመጥ ይጠቅማል። ይህ መመሪያ የስፓኒሽን ሀ ሁ ጨርሰው ከእንግዳ ጋር መነጋገር ለጀመሩ የጎንደር ባልደረቦቼ የተጻፈ ሲሆን፣ ዓላማውም አነጋገሩ ከየት እንደሆነ በጆሮ መለየትንና ያው አነጋገር ለሌላው ሰሚ ምን መስሎ እንደሚሰማ ማሳየት ነው።

ድምፆቹን ለመጻፍ አዲስ ምልክት መፍጠር አያስፈልገንም። ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ በግእዝ ሁለት ድምፅ ነበሩ፤ ዛሬ በአፋችን አንድ ሆነው በጽሕፈት ብቻ ተለያይተው ቀርተዋል። ብዙኃኑ ኀም እንዲሁ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፁን ትቶ ከሃሌታው ሀ ጋር ተቀላቅሏል። በአብዛኛው የስፓኒሽ ዓለም የሆነው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ፊደሉ ሁለት ሆኖ ሲጻፍ ድምፁ አንድ ሆኗል። ስለዚህ ሥራ ፈት ሆነው የተቀመጡትን ሁለት ፊደላት በስፓኒሽ ቃላት ውስጥ ብቻ ሥራ እሰጣቸዋለሁ። ሠ የምላስ ጫፍ በላይና በታች ጥርሶች መካከል ወጣ ብሎ ለሚነገረው የስፔን ድምፅ፣ ኀ ደግሞ ጉሮሮን ፍቆ ለሚወጣው ድምፅ ይሁን። አዲስ ዓለም ሰፈር ቁርኣን የቀሩ ጓደኞቻችን በዚህ ይቀድሙናል፤ «ሐዲሥ» የሚለውን ቃል እንደ ዐረብኛው ሲጠሩ መጨረሻው ላይ የሚያወጡት ድምፅ ያው የስፔኑ ሠ ነው።

በመጀመሪያ የሚደመጠው ቃል ምስጋና ነው፤ እንግዳው ትኬቱን ሲቀበል ማመስገኑ አይቀርምና። «ግራሥያስ» ያለ እንደሆነ ከሰሜንና ከመካከለኛው ስፔን የመጣ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። «ግራስያስ» ብሎ የመጨረሻውን ስ በግልጽ ካሰማ ሜክሲኮ ሲቲን፣ ቦጎታን ወይም ኪቶን የመሰለ የላቲን አሜሪካ ደጋ ከተማ ይታሰብ። «ግራስያህ» ካለ ወይም መጨረሻውን ጨርሶ ከዋጠው ኩባን፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክን፣ ፖርቶ ሪኮን፣ ቺሌን፣ የካናሪ ደሴቶችን ወይም ከስፔን ራሱ ደቡቡን አንዳሉሲያን ማሰብ ይገባል። አንድ ቃል ሁለት ጥያቄ መለሰ ማለት ነው፤ መካከሉ ሠ ነው ወይስ ሰ፣ መጨረሻውስ አለ ወይስ ተውጧል? በግቢው ውስጥ ያመለጠው ሰው ማታ እንግዶቹ ቢራ ሲያዝዙ «ሤርቤሣ» እና «ሴርቤሳ»ን አነጻጽሮ መያዝ ይችላል። በአንዳሉሲያ አንዳንድ አካባቢዎች እሳቱን ሰ ሁሉ ወደ ሠ የሚለውጡ ሰዎች ስላሉ «ሠ ካለ ማድሪድ ነው» የሚለው ደንብ አልፎ አልፎ ይሰበራል።

የልዩነቱን ምንጭ ለማስረዳት ከጎርጎራ የተሻለ ቦታ የለንም። በጣና ዳር በ1622 እ.ኤ.አ. ያረፈው ኢየሱሳዊ ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1564 እ.ኤ.አ. የተወለደው ማድሪድ አጠገብ ሲሆን፣ ከስፔን የሚመጡ እንግዶች ስለ እርሱ ደጋግመው ይጠይቃሉ። የማድሪዱ ሰው ስሙን «ፓኤሥ» ይለዋል፤ የሜክሲኮው «ፓኤስ» ይለዋል። ፓኤዝ ልጅ በነበረበት ዘመን ይህ ድምፅ ገና አልረጋም ነበር። የድሮው ስፓኒሽ የነበሩት ስንና ዝን የመሰሉ በርካታ የፉጨት ድምፆች በዚያው ክፍለ ዘመን እየተቀላቀሉ ሄደው፣ ማድሪድ ባለችበት በካስቲል ሁለት ሆነው ሲረጉ በአንዳሉሲያዋ ከተማ በሴቪሊያ አንድ ብቻ ሆነው ቀሩ። ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ንግድና መንገደኛ የሚቆጣጠረው የንጉሡ መሥሪያ ቤት ከ1503 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሴቪሊያ ይገኝ ስለነበርና ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎችም ብዙዎቹ አንዳሉሲያውያን ስለነበሩ፣ ውቅያኖሱን ተሻግሮ የተስፋፋው የደቡቡ አነጋገር ሆነ።

የላቲን አሜሪካ ሰው ስፔናዊን ሲሰማ ኮልታፋ የመሰለው ጊዜ አለ፤ «አንድ ኮልታፋ ንጉሥ ነበረ፣ ሕዝቡም እርሱን ለማስደሰት ሲል ኮለተፈ» የሚል ተረትም ይነገራል። ይህን ተረት አስጎብኚ እንደ ታሪክ ባያወራው ይሻላል። ኩልትፍና ቢሆን ኖሮ ሰ የሚባል ድምፅ ሁሉ በተበላሸ ነበር፤ የማድሪዱ ሰው ግን ቤትን «ካሳ»፣ አደንን «ካሣ» ብሎ አጥርቶ ይለያል። ሜክሲኮዊው ሁለቱንም «ካሳ» ይላል። (ለጎንደሬ «ካሳ» ከአፄ ቴዎድሮስ የልጅነት ስም ጋር ስለሚገጥም ቃሉን ለመርሳት አስቸጋሪ ነው።)

ከሁሉ ቃል የሚበልጠው መፈተኛ በእጃችን ያለው ነው፤ እርሱም «ግንብ»፣ በእነርሱ «ካስቲዮ» ነው። የፋሲልን ግንብ አይቶ ይህን ቃል የማያነሣ ስፓኒሽ ተናጋሪ አላጋጠመኝም። አብዛኛው «ካስቲዮ» ይላል። የቦነስ አይረስና የሞንቴቪዴዮ ሰው «ካስቲሾ»፣ ብዙ ጊዜም ስን አላልቶ «ካህቲሾ» ይላል። ሾው ሽ መሆኑን ወይም ወደ ዥ ማዘንበሉን ልብ ማለት ይጠቅማል፤ በቦነስ አይረስ ዥ የቀድሞው ትውልድ ድምፅ ሲሆን ወጣቱ ወደ ሽ ተሻግሯል። ስፓኒሽ ሽንና ዥን ቃል ለመለየት ስለማይጠቀምባቸው ብዙ ተናጋሪዎች ይህን ልዩነት ልብ አይሉትም፤ እኛ ግን በፊደል ጭምር ለይተን ስላደግን ተናጋሪው ሸምገል ያለ ይሁን ወጣት ዓይናችንን ጨፍነን መገመት እንችላለን። ከኩባና ከዙሪያዋ የመጣው «ካህቲዮ» ሲል፣ ከቦሊቪያና ከፓራጓይ የመጣው ደግሞ የልን ድምፅ ሳይጥል «ካስቲልዮ» ይላል። በስፔን ገጠር ያሉ አንዳንድ አረጋውያንም እንዲሁ ናቸው።

ኀም በዚሁ መንገድ ይያዛል። «ኆሴ» ብሎ ጉሮሮውን ፍቆ የሚጠራው በአብዛኛው የሰሜንና የመካከለኛው ስፔን ሰው ነው፤ «ሆሴ» ብሎ በለሆሳስ የሚያልፈው የካሪቢያን፣ የኮሎምቢያ ወይም የአንዳሉሲያ ሰው ነው። እዚህ ላይ የሰሚው ቋንቋ ምን ያህል እንደሚወስን ይታያል። ትግርኛ አፉን የፈታ ጓደኛዬ የስፔኑን ኀ ሲሰማ ምንም አይመስለውም፤ አማርኛ ብቻ የሚያውቀው ግን «ምን አበሳጫቸው?» ይላል። ሁለቱም የሰሙት አንድ ድምፅ ነው።

ጆሯችን የሚያታልለን ቦታም አለ። የሰሜን ስፔን ሰው ስን የሚያወጣው የምላሱን ጫፍ ወደ ላይ አንሥቶ በመሆኑ ለእኛ ወደ ሽ የቀረበ ይመስለናል። አንድ ጊዜ ፒያሳ ላይ የእጅ ሥራ ዕቃ ዋጋ ሳስማማ፣ እንግዳዬ «ሲ፣ ሲ» ብሎ መስማማቱን ሲገልጽ ሻጩ «ሺ» ብሎ ሰምቶ ዋጋው በፈቃደኛ ገዢ የጨመረ መስሎት ፊቱ በራ። በሌላ በኩል የሚያግዘን ነገር አለ፤ ማጥበቅና ማላላትን ከእናታችን ጡት ጋር ስለጠጣነው የስፓኒሽን ሁለት ር መለየት አይከብደንም። «መብራቱ በራ» ስንል ር ይጠብቃል፤ «ራሰ በራ» ስንል ይላላል። «ፔሮ» ላልቶ ሲነገር «ነገር ግን» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር ውሻ ነው። ፖርቶ ሪኮዎች ደግሞ ከተነባቢ በፊት ያለውን ር ወደ ል ስለሚያዘነብሉት «ፑኤርታ» የሚለው በር «ፑኤልታ» ሆኖ ይሰማል።

ስለ ዜማው የምለው ካፈርኩበት ገጠመኝ የተወሰደ ነው። አንድ ቤተሰብ በሩቁ ሲነጋገር ሰምቼ ጣሊያኖች ናቸው ብዬ በጣሊያንኛ ሰላም አልኳቸው። አርጀንቲናውያን ነበሩ፤ እየሳቁም አያቶቻቸው ከጣሊያን እንደመጡ ነገሩኝ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ወደ ቦነስ አይረስ የጎረፈው ጣሊያናዊ እጅግ ብዙ ስለነበር የከተማው ስፓኒሽ የጣሊያንኛን የሚመስል ዜማ ይዞ ቀርቷል። ስለዚህ ዜማ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ከአንድ ድምፅና ከአንድ የአጠራር ቃል ጋር መጣመር አለበት። ብዙ ሰው ሲጠራ «ቦሶትሮስ» (እናንተ) የሚል ስፔናዊ ነው፤ አንድን ሰው «ቦስ» (አንተ) የሚል አርጀንቲናዊ ወይም ኡሩጓያዊ ሊሆን ይችላል፣ በማዕከላዊ አሜሪካም ይነገራል። የቦጎታ ሰው ግን በድሮ ቤታችን ሚስት ባሏን «አንቱ» ትል እንደነበረው ሁሉ የቅርብ ጓደኛውን ሳይቀር በአክብሮት «ኡስቴድ» ሊል ይችላል።

ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ አንዱ የሌላውን አነጋገር እንዴት ይሰማዋል የሚለው ከመለየቱ ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ብዙ የላቲን አሜሪካ ሰዎች የማድሪዱን አነጋገር ቁጡና አዛዥ አድርገው ይሰሙታል። ይህም ከኀ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ከልማድም ይመጣል፤ ስፔናዊው በቀጥታ «ቡና አምጣልኝ» ሲል ኮሎምቢያዊው «ቡና ይሰጡኛል?» ለማለት ቃል በቃል «ቡና ይለግሱኛል?» ይላል። (አስተናጋጆቻችን ይህን ሰምተው በነፃ የሚለምን እንዳይመስላቸው።) ስፔናዊው በበኩሉ የላቲን አሜሪካውን አነጋገር ጣፋጭና ዘፈን መሳይ ይለዋል፤ ይህ ምስጋና ሲሆን ከበላይ ወደ ታች የተባለ የሚመስልበት ጊዜም አለ። የሜክሲኮ ደጋ ሰው ኩባዊው ቃል እየዋጠ የሚሮጥ ይመስለዋል፤ ለኩባዊው ደግሞ ሜክሲኮዊው ፊደል እየቆጠረ የሚናገር ይመስለዋል። በስፔን ውስጥ አንዳሉሲያውያን ለረጅም ዘመን የቀልድ መነሻ ሆነው ኖረዋል፤ ቺሊያውያን «እኛ ስፓኒሽ አንችልም» ብለው በራሳቸው ይቀልዳሉ። የቦጎታው ስፓኒሽ «ከሁሉ የጠራ ነው» የሚለውም ወሬ በየቦታው ይሰማል፤ በድምፅ ሚዛን የሚያጸናው ማስረጃ ግን የለም። በ1713 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የማድሪዱ የቋንቋ አካዳሚ ራሱ በ2009 እ.ኤ.አ. ከሌሎች አገሮች አካዳሚዎች ጋር ባወጣው ሰዋስው የአንድን ከተማ አነጋገር ብቸኛ ልክ ማድረጉን ትቷል።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። እኛ «መጣህ» ስንል የአዲስ አበባ ልጅ «መጣክ» ይላል፤ እኛ «ኸቤት» ስንል እርሱ «ከቤት» ይላል። እርሱ የእኛን ሰምቶ «የአያቶች አማርኛ» ሲል እኛ የእርሱን ችኩል እንለዋለን፤ አማርኛ የማያውቅ እንግዳ ግን ሁለታችንንም ለይቶ አይሰማም። ስለዚህ አንድ እንግዳ ስለ ሌላው አገር አነጋገር የሚሰጠውን ፍርድ ስለ ሰጪው የሚናገር መረጃ አድርጎ መያዝ እንጂ ማስተጋባት አይገባም፤ በተለይም ቡድኑ የተቀላቀለ ሲሆን።

ለልምምድ የምመክረው በቀን አንድ ድምፅ ብቻ ማደን ነው። ሰኞ የመጨረሻውን ስ፣ ማክሰኞ ሠን፣ ረቡዕ ኀን ይዞ የአንድ አገር ዜና ለአምስት ደቂቃ ማድመጥና ድምፁ በተሰማ ቁጥር ወረቀት ላይ ነጥብ ማስቀመጥ በቂ ነው። ዜና አንባቢ ግን አጥርቶ ስለሚናገር፣ በዚያው ዜና ውስጥ መንገድ ላይ የሚጠየቁትን ሰዎች ይበልጥ ማድመጥ ይገባል። ከእንግዳው ፊት ግምትን ፍርድ አስመስሎ ከመናገር ይልቅ «ዴ ዶንዴ ሶን?» (ከየት ናችሁ?) ብሎ መጠየቅ ያስከብራል፤ ካናሪያዊን ኩባዊ ማለት ጆሮ ላለው ሰውም ቀላል ስሕተት ነው፤ ሁለቱ አነጋገሮች በእርግጥ ይመሳሰላሉና።

የራስን አነጋገር በተመለከተ አንዱን መርጦ መጽናት ይበጃል። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች በኩባ የወጣቶች ደሴት ተምረዋልና፣ በአገራችን የስፓኒሽ የመጀመሪያ መምህሮቻችን ብዙዎቹ «ግራስያህ» የሚሉ ናቸው። እኔንም ያስተማሩኝ ጋሼ ከእነርሱ አንዱ ናቸው፤ እርሳቸው አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር የማድሪድ እንግዶች «ሃቫና!» ብለው ሲደሰቱ አይቻለሁ። ያንን አነጋገር ለማድሪድ ሲባል መቀየር አያስፈልግም። ቁጥር ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ የኩባው «ዶህ» ሁለት ነው፣ «ዶሴ» ዐሥራ ሁለት ነው፣ ማድሪድ ሁለቱን «ዶስ» እና «ዶሤ» ትላቸዋለች፤ በዚህ ላይ የእኛ ሰዓት ከእነርሱ ሰዓት በስድስት ይለያያል። የጎርጎራ መኪና የሚነሣበትን ሰዓት ወረቀት ላይ በእነርሱ አቆጣጠር ጽፌ ነው የምሰጠው።