በአንፀባራቂ ሰሌዳ ሲግናልን ወደምንፈልገው አቅጣጫ ማዞር

ግድግዳ የጋረደው ቦታ ላይ ሲግናል ለማድረስ የግድ ሌላ ማሰራጫ መጨመር አያስፈልግም። የሚመልሰውን ሞገድ ፌዝ (phase፣ ሞገዱ በውጣ ውረዱ የትኛው ነጥብ ላይ እንዳለ) መቀያየር የሚቻል አንፀባራቂ ሰሌዳ ራሱ ምንም አያመነጭም፤ የመጣለትን ሞገድ ወደምትፈልጉበት ይመልሰዋል።

ቦታ ላይ አትቸኩሉ። ሰሌዳው ማሰራጫውንም ተቀባዩንም ያለከልካይ ማየት አለበት። መሃል ላይ ግን አትስቀሉት! ኃይሉ የሚቀንሰው በሁለቱ ርቀቶች ብዜት ካሬ ልክ ስለሆነ የሚያዋጣው ወደ አንዱ ጫፍ ማስጠጋት ነው።

በ5.8 ጊጋኸርዝ እንሥራ እንበል። የሞገዱ ርዝመት 51.7 ሚሊሜትር ነው፤ ሴሎቹን (ሰሌዳው የተሠራባቸውን ትንንሽ አንፀባራቂ ክፍሎች) በግማሹ፣ ማለትም በ26 ሚሊሜትር ገደማ አራርቋቸው። 16 በ16 ከሆነ 256 ሴል ያለው፣ ጎኑ 41 ሴንቲሜትር አካባቢ የሆነ ሰሌዳ ይወጣችኋል። የእያንዳንዱ ሴል ዳዮድ (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚያገለግል የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ) ሲበራና ሲጠፋ የሚመለሰው ሞገድ ፌዝ በ180 ዲግሪ ይለያያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ለእያንዳንዱ ሴል ከማሰራጫው እስከ ሴሉ፣ ከሴሉ እስከ ተቀባዩ ያለውን ርቀት ደምሩና ለሞገዱ ርዝመት አካፍሉ። ሙሉ ቁጥሩን ጣሉት፤ የሚያስፈልገን ከነጥብ በኋላ ያለው ብቻ ነው። እሱ በ0.25 እና በ0.75 መካከል ካረፈ ሴሉን ገልብጡት፣ ማለትም የዳዮዱን ሁኔታ ቀይሩ፤ ካልሆነ ተዉት። ለምሳሌ ድምሩ 3.12 ሜትር ቢሆን 60.35 ይመጣል፣ ስለዚህ ይገለበጣል። ሁሉም ርቀቶች እኩል ቢሳሳቱ ችግር የለውም፤ ወሳኙ በሴሎቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

እንዲህ በሁለት ደረጃ ብቻ መቀያየር ፌዙ ልክ ቢገጥም ከሚገኘው 4 ዲሲቤል (የኃይል ንፅፅር መለኪያ) ገደማ ያስቀራል። በአራት ደረጃ ከሆነ ኪሳራው ወደ 1 ዲሲቤል ይወርዳል፣ ሽቦውና መቆጣጠሪያው ግን ይበዛል። እኔ ለጀማሪ ሁለት ደረጃ ይበቃል ባይ ነኝ። ይልቅ ሰሌዳውን ማሳደግ ይሻላል፤ ሴሎቹ እጥፍ ሲሆኑ የሚደርሰው ኃይል በ6 ዲሲቤል ያድጋል።

ስሌቱ ካለቀ በኋላ ተቀባዩ ላይ እየለካችሁ አስተካክሉ። መጀመሪያ አንድ ሙሉ አምድ ገልብጡ፣ ሲግናሉ ከጨመረ ያዙት፣ ከቀነሰ መልሱት፣ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ከአንድ ሴል አትጀምሩ፤ ከ256 የአንዱ ለውጥ በጫጫታው ውስጥ ይጠፋል።

ምንም ለውጥ ካላያችሁ ፕሮግራሙን ከመነካካታችሁ በፊት የማሰራጫውንም የተቀባዩንም አንቴና በ90 ዲግሪ አዙሩ። ብዙዎቹ ሰሌዳዎች የሚሠሩት ለአንድ ፖላራይዜሽን (ሞገዱ ለሚወዛወዝበት አቅጣጫ) ብቻ ነው።