የመስማት ምርመራ ውጤትን እንዴት እናነባለን?

የጆሮ ምርመራ አድርጋችሁ ኦዲዮግራም የሚባለውን ወረቀት ከተቀበላችሁ፣ አጣጥፋችሁ ቦርሳ ውስጥ እንዳትከቱት። ጥቂት ቃላት ከያዛችሁ ራሳችሁ ታነቡታላችሁ።

ከግራ ወደ ቀኝ የተደረደሩት ቁጥሮች፣ ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 8000፣ ድግግሞሽ ናቸው። መለኪያው ኸርዝ ነው፤ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ይናገራል። ግራው ወፍራም ድምፅ፣ ቀኙ ቀጭን።

ከላይ ወደ ታች ያለው ዴሲቤል ነው፣ የድምፁ ጉልበት። ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው። ዜሮ ማለት ፀጥታ አይደለም፤ ጤናማ ጆሮ ያላቸው ወጣቶች በአማካይ ሊሰሙት የሚችሉት ትንሹ ድምፅ ነው፣ ምልክታችሁ ከዚያ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ለመስማት የበለጠ ጉልበት ያለው ድምፅ ትፈልጋላችሁ ማለት ነው። ዴሲቤል በመቶኛም አይደለም። 10 ሲጨምር ጉልበቱ 10 እጥፍ፣ 20 ሲጨምር 100 እጥፍ ይሆናል።

ቀይ ክብ ቀኝ ጆሮ፣ ሰማያዊ ኤክስ ግራ ጆሮ ነው። በ500፣ 1000፣ 2000 እና 4000 ኸርዝ ላይ ያሉትን አራት ውጤቶች ደምሩና ለ4 አካፍሉ። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ፣ በተሻለው ጆሮ ከ20 በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ20 እስከ 35 ቀላል፣ ከ35 እስከ 50 መካከለኛ ጉድለት ይባላል።

ግን አማካዩ ብቻ አይበቃም፤ መስመሩ በቀኝ በኩል ቁልቁል ከወረደ ልብ በሉ። ሰ፣ ሸ እና ፈ የሚያርፉት እዚያ ነው፣ አናባቢዎቹ ደግሞ በግራ። «ድምፃችሁ ይሰማኛል፣ የምትሉት ግን አይገባኝም» የሚሉ እናቶችና አባቶች እውነታቸውን ነው! አትጩኹባቸው፣ ፊት ለፊት ሆናችሁ ረጋ ብላችሁ አውሯቸው። 4000 አካባቢ ብቻ ጎድጎድ ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጩኸት ጉዳት ነው፤ የማሽን፣ የሙዚቃ፣ የጆሮ ማዳመጫ።

ለሐኪሙ አንድ ጥያቄ ብቻ የምትጠይቁ ከሆነ ይህን ጠይቁ፦ «በአየርና በአጥንት የተለካው ልዩነት አለው ወይ?» የአየሩ የሚለካው በማዳመጫ፣ የአጥንቱ ከጆሮ ጀርባ በሚደረግ ነዛሪ ነው። አጥንቱ ደህና ሆኖ አየሩ ከወረደ ችግሩ ውጪ ወይም መሃል ጆሮ ላይ ነው፦ ኩክ፣ ፈሳሽ፣ የተቀደደ ታምቡር። ይሄ ብዙ ጊዜ ይታከማል። ሁለቱም እኩል ከወረዱ ግን ጉዳቱ የውስጥ ጆሮ ወይም የነርቭ ነው፣ ያኔ ስለ መስሚያ መሣሪያ ተነጋገሩ።

አንድ ጆሮ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት ከደነቆረ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዕለቱ ሐኪም ጋ ሂዱ።