ቱርቦ ላለው በእጅ የተገጣጠመ መኪና የማቀዝቀዣ አመራረጥ

ሞተሩ የሚግለው ብዙ ጊዜ ራዲያተሩ ስላነሰ ሳይሆን አየሩ በጎንና በጎን ስለሚያመልጥ ነው። ትልቅ ራዲያተር ከመግዛትዎ በፊት ዙሪያውን ያለውን ክፍተት በላሜራና በስፖንጅ ጎማ ይድፈኑ፤ የሞቀው አየር መውጫም ይኑረው።

ፋኑን ከራዲያተሩ ኋላ፣ የራዲያተሩን ጀርባ ሸፍኖ አየሩን ወደ ፋኑ ከሚሰበስበው ሽፋን ጋር ይግጠሙ። ያለ ሽፋን የሚስበው ከፊቱ ባለው ክብ ብቻ ነው። ሪሌይ (በትንሽ ከረንት ትልቁን ከረንት የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ግዴታ ነው፤ ፋን ሲነሳ ብዙ ከረንት ይስባል። ቴርሞስታቱ (የሞተሩ ውሃ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው ቫልቭ) በ88 ዲግሪ የሚከፈት ከሆነ ፋኑ በ95 አካባቢ ይነሳ፤ ከ88 በታች ካደረጉት አያርፍም።

ኢንተርኩለር (ቱርቦው ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚልከውን አየር የሚያቀዘቅዝ) ከራዲያተር ፊት ሲቆም የራሱን ሙቀት ወደ ኋላ ያስተላልፋል፤ ቦታ ካለ ጎን ለጎን ያድርጓቸው። በውሃ የሚቀዘቅዘውን ኢንተርኩለር ከመረጡ ፓምፑም ራዲያተሩም ለብቻው ይሁን። የሞተሩ ውሃ 90 ዲግሪ ነው፣ ምን ሊያቀዘቅዝ!

ውሃ ሲሞሉ የመኪናውን ፊት ከፍ አድርገው አየሩን ያስወጡ።