መስታወት የማያሳየው ድራኩላ፦ የትዕይንቱ ብርሃን መዝለል እንዴት ተስተካከለ

በአንድ አጭር ፊልም ውስጥ ደም መጣጩ ድራኩላ ፀጉሩን ሲያበጥር መስታወቱ ውስጥ የምትታየው ማበጠሪያዋ ብቻ ናት። የፊልሙ ትልቁ ሳቅ እዚህ ላይ ነው፤ ማታለሉ ከታወቀ ሳቁም የለም።

ትዕይንቱ ተዋናዩ ባለበትና በሌለበት ሁለት ጊዜ ይቀረጻል፤ መስታወቱ ውስጥ የሚታየው ከሁለተኛው ይወሰዳል። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን መስታወቱ ከግድግዳው ይልቅ ጨለመ። ጥፋቱ የአውቶማቲክ ኤክስፖዠር (ካሜራው የምስሉን ብርሃን በራሱ ማስተካከሉ) ነው፦ ጥቁሩ ካባ ከምስሉ ሲወጣ ምስሉ ስለሚደምቅ ካሜራው መልሶ ያጨልመዋል።

ካሜራው ትሪፖድ ላይ ተጠብቆ ኤክስፖዠር፣ ፎከስ (የምስል ጥራት ማስተካከያ) እና ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) በእጅ ተቆለፉ። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ሹተር (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ፤ በ50 ኸርዝ መብራት ስር ይህ ምስሉ እንዳይርገበገብ ያደርጋል። መስኮቱም በጥቁር ጨርቅ ተሸፈነ፤ አንድ ደመና ሲያልፍ ሁለቱ ቀረጻዎች አይገጥሙም።

በሁለተኛው ቀረጻ ማበጠሪያዋ በቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር ከላይ ትንጠለጠላለች። ክሩ ካብለጨለጨ በጥቁር ማርከር ይቀባ። የእጁና የማበጠሪያዋ እንቅስቃሴ እንዲገጥም በሁለቱም ቀረጻ ጮክ ብሎ መቁጠር ይበቃል፤ የቆጠራው ድምፅ በኋላ ከፊልሙ ይጠፋል።

በኤዲቲንግ ማስኩ (ሁለተኛው ቀረጻ የሚታይበትን ቦታ የሚከልለው ቅርጽ) የመስታወቱን ውስጠኛ ጠርዝ ይከተላል፣ ጠርዙም ከ3 እስከ 5 ፒክስል ይለሰልሳል። ከሁሉም በላይ ግን ካሜራው ወደ ጎን ይቁም፦ የተዋናዩ ጭንቅላት ወይም እጅ መስታወቱን ከጋረደ ማስኩ ይቆርጠዋል፣ ያኔ ፍሬም በፍሬም መሥራት ግድ ይሆናል።