የከተማ ምክር ቤት የግንባታ ዕቅድ ሲመረምር ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመኖሪያ ሰፈር ወይም የንግድ ማዕከል ዕቅድ በምክር ቤት አጀንዳ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ስብሰባዎች ነው። መሬት ላይ ግን ለልጅ ልጅ ይቆያል። ምክር ቤቶች ሲሳሳቱ አብዛኛውን ጊዜ በክፋት አይደለም፤ የቀረበላቸውን ብቻ አይተው ያልቀረበላቸውን ስለማይጠይቁ ነው።

በምስሉ ተማርኮ መወሰን

አልሚው የሚያሳየው ስሪ-ዲ ምስል ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ ዛፉ አድጎ፣ መንገዱ ጸድቶ፣ ልጆች እየተጫወቱ። ምስል ግን ማንንም አያስገድድም። የሚያስገድደው የጸደቀው ሳይት ፕላን (በቦታው ላይ ምን የት እንደሚሠራ የሚያሳየው ንድፍ) እና በውሳኔው ውስጥ የሰፈረው ቅድመ ሁኔታ ነው። በተለይ የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ሲጠየቅ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ለውጡ በአብዛኛው የሚጸናው በቦታው ላይ እንጂ በጠያቂው ላይ አይደለም። ዛሬ ባለ ሦስት ፎቅ መኖሪያ እሠራለሁ ያለው ሰው ነገ ቦታውን ቢሸጠው፣ ገዢው አዲሱ የመሬት አጠቃቀም ምደባ የሚፈቅደውን ሁሉ ሊሠራበት ይችላል። ስለዚህ አባላቱ «ይህ ሕንፃ ያምራል ወይ?» ከማለት ይልቅ «በዚህ ምደባ ሊሠራ የሚችለው ትልቁ ነገር ምንድን ነው? እሱንስ እንቀበላለን?» ብለው ይጠይቁ።

ውኃው ወዴት እንደሚሄድ አለመጠየቅ

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። 1 ሄክታር ጣሪያና አስፋልት ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 500 ሜትር ኩብ ውኃ ማለት ነው። ቦታው ሣር ሳለ ከዚህ ብዙውን አፈሩ ይመጠው ነበር። አሁን ወደ ታችኛው ሰፈር ይወርዳል፤ የታችኛው ሰፈር ነዋሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለስብሰባው አልተጠራም።

«የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚለው አጠራርም ያዘናጋል። በየመቶ ዓመቱ አንዴ ይመጣል ማለት አይደለም፤ በየትኛውም ዓመት የመከሰት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት ነው። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመከሰት ዕድሉ 26 በመቶ ይደርሳል። ቤቱን በረጅም ጊዜ ብድር ለሚገዛ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። በአሜሪካ ሂውስተን አካባቢ አዲክስና ባርከር የተባሉ ሁለት የጎርፍ መከላከያ ግድቦች በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተሠሩ። በኋላ፣ ግድቦቹ ሲሞሉ ውኃው ሊተኛበት በሚችለው መሬት ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ተገነቡ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ውኃው ቤቶቹ ውስጥ ገባ። መሬቱ ለምን እንደተተወ ያልጠየቀ ፈቃድ ዋጋው ይህ ነው።

እያንዳንዱን ዕቅድ ለብቻው ማየት

አንዱ ዕቅድ በትራፊክ ላይ «መጠነኛ ጫና» ያመጣል ይባላል። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ አምስተኛውም እንደዚያው። መንገዱ ግን አንድ ነው፤ የውኃ መስመሩም፣ ትምህርት ቤቱም እንዲሁ። የጸደቁትን ነገር ግን ገና ያልተገነቡትን ያልደመረ ጥናት ይመለስ። ጥናት ላለማቅረብ ሲባል አንድ ይዞታ ተቆራርጦ በየተራ የሚቀርብበት ጊዜም አለና፣ አጎራባች ይዞታዎቹ የማን እንደሆኑ መመልከት ይገባል።

የአዳራሹን ድምፅ የከተማው ሁሉ ድምፅ ማድረግ

ስብሰባ የሚመጣው በአብዛኛው ጊዜ ያለውና በአካባቢው ቤት ያለው ሰው ነው። ተከራዩ ሥራ ላይ ነው። በአዲሱ ቤት የሚኖረው ቤተሰብ ደግሞ ገና አይታወቅም። የተቃዋሚዎቹ ስጋት በጥሞና ይደመጥ፣ እጅ እየቆጠሩ መወሰን ግን ምርመራ አይደለም። ዕቅድን መከልከልም ዋጋ አለው፤ ቤት ሲያንስ ኪራይ ይወደዳል።

ያለ ምክንያት መከልከል፣ ያለ ልክ ማስከፈል

«ለአካባቢው አይስማማም» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ውሳኔ ፍርድ ቤት ፊት አይቆምም። ቅድመ ሁኔታም ግንባታው ከሚያመጣው ጫና ጋር መመጣጠን አለበት። በአሜሪካ የታይጋርድ ከተማ አንዲት ባለሱቅ ሱቋን ለማስፋት ስትጠይቅ ከመሬቷ ከፊሉን ለፍሳሽና ለእግረኛና ብስክሌት መንገድ እንድትለቅ አዘዘ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 ከተማው ያን ያህል መጠየቁን የሚያጸድቅ ማስረጃ አላቀረበም አለ። ጥያቄው መጥፎ ስለሆነ አልነበረም፤ ስሌቱ ስላልተሠራ እንጂ።

ካጸደቁ በኋላ ፋይሉን መዝጋት

ቤቶቹ ተሽጠው፣ ሰው ገብቶ፣ ማፋሰሻው ያልተቆፈረበት፣ ለመናፈሻ የተተወው ቦታ የአሸዋ ክምር ሆኖ የቀረበት ሰፈር ጥቂት አይደለም። የመጨረሻው ቤት ከተሸጠ በኋላ አልሚውን መልሶ ማምጣት ከባድ ነው። ስለዚህ ማፋሰሻው፣ መንገዱና መናፈሻው መቼ እንደሚያልቁ በቀን ሳይሆን በቤት ቁጥር ይታሰሩ፦ ከግማሾቹ ቤቶች በላይ የመጠቀሚያ ፈቃድ የሚሰጠው ማፋሰሻው ተሠርቶ ከተፈተሸ በኋላ ብቻ ይሁን። ሥራው ቢቋረጥ ከተማው ራሱ የሚጨርስበት ዋስትና ገንዘብም ቁፋሮ ሳይጀመር ይያዝ።